የሳንባ ካንሰርን ቀድሞ መለየት፣ ማከምና ማገገም፦ ክሊኒካዊ ምርምር ያረጋገጣቸው እውነታዎች

የሳንባ ካንሰር በዓለም ላይ ከማናቸውም የካንሰር ዓይነቶች ይልቅ ብዙ ሰው የሚሞትበት በሽታ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች አዲስ በበሽታው እንደተያዙና 1.8 ሚሊዮን ያህሉ በዚሁ በሽታ ሕይወታቸውን እንዳጡ ገምቷል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታዩትና ስለእነርሱም በስፋት የሚነገረው የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር በመሆናቸው የሳንባ ካንሰር ምልክቶች፣ ምርመራና ሕክምና በኅብረተሰቡ ዘንድ ያን ያህል አይታወቁም።

ባለፉት ሃያ ዓመታት በተለያዩ አገራት የተካሄዱ ክሊኒካዊ ምርምሮች የበሽታውን ምርመራና ሕክምና በእጅጉ ለውጠዋል። ከሁሉም ጎልቶ የወጣው እውነታ የሕክምናው ውጤት ከመድኃኒቱ ዓይነት ባልተናነሰ በሽታው በተገኘበት ጊዜ የሚወሰን መሆኑ ነው። በአሜሪካ የካንሰር ምዝገባ መረጃ መሠረት ካንሰሩ ከሳንባ ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሕሙማን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ከተሰራጨ በኋላ ከሚገኝባቸው ግን ይህን ዕድል የሚያገኙት ከአሥር አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህ ጽሑፍ በምርመራ፣ በሕክምናና በተሐድሶ ዙሪያ የተገኙ ዋና ዋና የምርምር ውጤቶችን ያብራራል፤ በአገራችን ሁኔታ ምን ትርጉም እንዳላቸውም ያመለክታል።

ሁለት በሽታ፣ ተመሳሳይ ሳል

በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለካንሰርም ያገለግላል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን የሚታወቀው ቲቢ ነው። በመሆኑም አንድ ሰው «ሳንባዬን ነቀርሳ አለብህ ተባልኩ» ሲል ቤተሰቡ የትኛው በሽታ እንደሆነ ላይለይ ይችላል። ሁለቱ በሽታዎች በስም ብቻ ሳይሆን በምልክትም ይቀራረባሉ። የማያቋርጥ ሳል፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የደረት ሕመም፣ የክብደት መቀነስና ድካም በሁለቱም ላይ ይታያሉ። በራጅ ምስልም አንዱ ሌላውን ሊመስል ይችላል።

በምንነታቸው ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ቲቢ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍና በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። የሳንባ ካንሰር ደግሞ የሳንባ ሕዋሳት ከሰውነት ቁጥጥር ውጭ በመራባታቸው የሚከሰት ሲሆን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሳንባ ካንሰር ታማሚን ማግለል ወይም የሚበላበትን ዕቃ መለየት ምንም ዓይነት የጤና ምክንያት የለውም።

ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከፍተኛ ከሆነባቸው አገራት አንዷ ናት። ስለዚህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው በቅድሚያ ለቲቢ መመርመሩ ትክክለኛ አሠራር ነው። ችግሩ የሚፈጠረው የአክታ ምርመራው ቲቢ አለመኖሩን አሳይቶ ሳሉ ሲቀጥል፣ ወይም የቲቢ መድኃኒት በአግባቡ ተወስዶ ለውጥ ሳይታይ ሲቀር፣ ሕመምተኛው «መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ይሠራል» በሚል ተስፋ ወራትን ሲያሳልፍ ነው። በእነዚህ ወራት በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችል የነበረ ዕጢ ሊሰራጭ ይችላል። ከዚህም ሌላ ቀደም ሲል በቲቢ የተያዙ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ እንደሚል በርካታ ጥናቶች አመልክተዋል። ቲቢ ታሞ መዳን ካንሰር አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሊገኙም ይችላሉ።

ቀድሞ መለየት፦ ራጅ ወይስ ሲቲ ስካን?

ምልክት በሌላቸው ሰዎች ላይ የሳንባ ካንሰርን ቀድሞ ለማግኘት ለረጅም ጊዜ ተስፋ የተጣለበት መሣሪያ የደረት ራጅ ነበር። ይህንን ተስፋ ለመፈተሽ በአሜሪካ ከ154 ሺህ በላይ ሰዎች በዕጣ በሁለት ቡድን ተመድበው፣ አንደኛው ቡድን በየዓመቱ ራጅ እንዲነሳ፣ ሌላው ደግሞ በተለመደው አገልግሎት እንዲቀጥል ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ውጤት በየዓመቱ ራጅ መነሳት በሳንባ ካንሰር የሚሞቱ ሰዎችን ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳየ። ትንንሽ ዕጢዎች በልብ፣ በአጥንትና በደም ሥር ጥላ ተሸፍነው በራጅ ላይ ላይታዩ ይችላሉ።

በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት የተለየ ውጤት አስገኘ። 53,454 ሰዎች የተሳተፉበት ይህ ጥናት በከፍተኛ ደረጃ ያጨሱ የነበሩ ወይም የሚያጨሱ፣ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 74 የሆኑ ሰዎችን ያካተተ ነበር። ግማሾቹ ዝቅተኛ የጨረር መጠን ባለው ሲቲ ስካን፣ ግማሾቹ በራጅ በዓመት አንድ ጊዜ ለሦስት ዙር ተመረመሩ። በሲቲ ስካን በተመረመሩት ላይ በሳንባ ካንሰር የሚከሰት ሞት በ20 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በኔዘርላንድስና በቤልጂየም የተካሄደውና ኔልሰን የተሰኘው ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የአሥር ዓመት ክትትል ውጤት በወንዶች ላይ የ24 በመቶ ቅናሽ መዝግቧል።

ይሁን እንጂ ይህ ውጤት ማንኛውም ሰው ሲቲ ስካን ይነሳ ማለት አይደለም። በአሜሪካው ጥናት በሲቲ ስካን አጠራጣሪ ተብለው ከተለዩ ውጤቶች ከመቶው 96 ያህሉ ካንሰር ሆነው አልተገኙም። እያንዳንዱ አጠራጣሪ ውጤት ተጨማሪ ምርመራ፣ ወጪና ጭንቀት ያስከትላል። ቲቢ በተስፋፋበት አገር ደግሞ የቆየ የቲቢ ጠባሳ በምስሉ ላይ ዕጢ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ጥንቃቄው የበለጠ መሆን ይኖርበታል። ጥቅሙ የተረጋገጠው በሲጋራ ምክንያት ከፍተኛ ተጋላጭነት ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ምልክት ያለበት ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ እርሱ የሚያስፈልገው የቅድመ ልየታ መርሐ ግብር ሳይሆን ሳይዘገይ የሚሰጥ ሙሉ ምርመራ ነው።

ምስል ብቻውን ካንሰርን አያረጋግጥም። ማረጋገጫው ከዕጢው ላይ ትንሽ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው። ናሙናው በአየር ቧንቧ በሚገባ ቀጭን መሣሪያ ወይም በሲቲ ስካን በሚመራ መርፌ ሊወሰድ ይችላል። «ካንሰር በመርፌ ከተነካ ይሰራጫል» በሚል ፍርሃት ናሙና ከመስጠት የሚሸሹ ሕሙማን አሉ። የናሙና ምርመራ ግን የሕክምናው መነሻ ነው፤ ያለ እርሱ የካንሰሩን ዓይነት ማወቅም ሆነ ተገቢውን መድኃኒት መምረጥ አይቻልም።

ሕክምና፦ ለሁሉም አንድ መድኃኒት የለም

የሳንባ ካንሰር በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላል። ከመቶ ሕሙማን 85 ያህሉ ላይ የሚታየው ባለ ትንሽ ሕዋስ ያልሆነው ዓይነት ሲሆን፣ ባለ ትንሽ ሕዋስ የሚባለው ደግሞ 15 ያህሉ ላይ የሚታይና በፍጥነት የሚሰራጭ ነው። ሕክምናው እንደ ዓይነቱ፣ እንደ ደረጃውና እንደ ሕመምተኛው አጠቃላይ ጤንነት ይለያያል።

በሽታው ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ሲገኝ ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። ቀኝ ሳንባ ሦስት፣ ግራ ሳንባ ደግሞ ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሏቸው፤ ለብዙ ዓመታት የተለመደው አሠራርም ዕጢው ያለበትን ክፍል በሙሉ ማውጣት ነበር። በጃፓን 1,106 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ዕጢው ከሁለት ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ሲሆን ከዋናው ክፍል ትንሹን ንዑስ ክፍል ብቻ ማውጣት ይበቃ እንደሆነ መርምሯል። ከአምስት ዓመት በኋላ ትንሹ ክፍል ብቻ ከወጣላቸው 94.3 በመቶ፣ ዋናው ክፍል በሙሉ ከወጣላቸው ደግሞ 91.1 በመቶ በሕይወት ተገኝተዋል። ይህም በሽታው ትንሽ ሳለ ሲገኝ ሕሙማን ሕይወታቸውን ብቻ ሳይሆን የሚተነፍሱበትን ሳንባም ሊያተርፉ እንደሚችሉ ያሳያል።

በመድኃኒት ረገድ ትልቁ ለውጥ የመጣው የዕጢውን የዘረመል ለውጥ በመመርመር ነው። በምሥራቅ እስያ 1,217 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ጌፊቲኒብ የተባለውን የሚዋጥ መድኃኒት ከኬሞቴራፒ ጋር አነጻጽሯል። ዕጢያቸው ኢጂኤፍአር በሚባለው ዘረመል ላይ ለውጥ ባለው ሕሙማን ላይ እንክብሉ በሽታውን ለረጅም ጊዜ ገታ፤ ይህ ለውጥ በሌለባቸው ላይ ግን የተሻለው ኬሞቴራፒው ሆኖ ተገኘ። አንዱን የጠቀመው መድኃኒት ለሌላው ተገቢ አልነበረም ማለት ነው። ኦሲመርቲኒብ የተባለው ሌላ መድኃኒት ደግሞ ይኸው የዘረመል ለውጥ ያለባቸው 682 ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በተሳተፉበት ጥናት ተፈትሾ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ መድኃኒቱን ከወሰዱት 88 በመቶ፣ ካልወሰዱት 78 በመቶ በሕይወት መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ተገልጿል።

ሦስተኛው መንገድ የሰውነት የመከላከል ኃይል ካንሰሩን እንዲያጠቃ የሚያግዘው ኢሚውኖቴራፒ ነው። በሽታው የተሰራጨባቸውና ዕጢያቸው ፒዲ-ኤል1 የተባለ ፕሮቲን በብዛት የያዘ 305 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ ፔምብሮሊዙማብ በተባለው መድኃኒት ሕክምና ከጀመሩት 32 በመቶ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ በኬሞቴራፒ ከጀመሩት ግን 16 በመቶ ያህሉ ናቸው።

እነዚህ አዳዲስ መድኃኒቶች ዋጋቸው ውድ ነው፤ የዘረመል ምርመራውም በሁሉም ስፍራ አይገኝም። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለበርካታ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን ወደመሳሰሉ የክልል ከተሞች መስፋፋት ጀምሯል። ይህ እውነታ ቀድሞ የመለየትን አስፈላጊነት ይበልጥ ያጎላዋል፤ በመጀመሪያ ደረጃ የተገኘ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ሲችል፣ ዘግይቶ የተገኘው ግን ረጅምና ውድ ሕክምና ይጠይቃል።

ተሐድሶ፦ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያለው ሕክምና

ዕጢው ከወጣ በኋላ ሕመምተኛው ትንፋሽ ማጠር፣ ድካምና የደረት ሕመም ሊሰማው ይችላል። በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ የታመመን ሰው ከአልጋ እንዳይነሳ ማድረግ የፍቅርና የእንክብካቤ መግለጫ ተደርጎ ይወሰዳል። በዘርፉ የተሰበሰቡ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ የአካል ብቃትና የአተነፋፈስ ልምምድ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚያጋጥሙ የሳንባ ችግሮችን ይቀንሳል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚደረገው ደግሞ የመራመድና ሥራ የመሥራት አቅምን ያሻሽላል። ልምምዱ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምክር የሚመራ ሲሆን፣ በአብዛኛው ደረጃ በደረጃ የሚጨምር የእግር ጉዞንና ጥልቅ አተነፋፈስን ያካትታል።

ሌላው የተሐድሶ አካል ሲጋራ ማቆም ነው። «አንዴ ካንሰር ከያዘኝ ማቆሙ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሳል። በሩሲያ 517 የሚያጨሱ የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ግልጽ ምላሽ ይሰጣል። በሽታው ከታወቀ በኋላ ማጨስ ያቆሙት በአማካይ አጋማሽ ስሌት 6.6 ዓመት ሲኖሩ፣ ማጨስ የቀጠሉት የኖሩት 4.8 ዓመት ነው።

በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ለተገኘባቸው ሕሙማንም ሊደረግ የሚችል ብዙ ነገር አለ። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ 151 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ የማስታገሻና የድጋፍ ሕክምናን ከካንሰር ሕክምናው ጎን ለጎን ከመጀመሪያው አንሥቶ የመስጠትን ጥቅም መርምሯል። ይህን ድጋፍ ቀድመው ያገኙት የተሻለ የኑሮ ጥራትና የቀነሰ የመንፈስ ጭንቀት የታየባቸው ሲሆን፣ የኖሩበት ጊዜም ከ8.9 ወር ወደ 11.6 ወር ከፍ ብሏል። ስለሆነም የማስታገሻ ሕክምና ተስፋ ሲቆረጥ ብቻ የሚሰጥ አገልግሎት ተደርጎ መታየት የለበትም።

መከላከል፦ ትምባሆና የማገዶ ጢስ

የሳንባ ካንሰር ቀዳሚ መንሥኤ ትምባሆ ነው። በእንግሊዝ ሐኪሞች ላይ ለ50 ዓመታት የተደረገው ክትትል የሚያጨሱ ሰዎች ከማያጨሱት በአማካይ አሥር ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ፣ በ50 ዓመት ዕድሜ ያቆሙት ከእነዚህ ዓመታት ስድስት ያህሉን፣ በ30 ዓመት ያቆሙት ደግሞ ሁሉንም ሊባል በሚችል ደረጃ መልሰው እንደሚያገኙ አረጋግጧል። በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን፣ የትምባሆ ማስታወቂያን እንዲሁም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል።

የሳንባ ካንሰር አጭሰው የማያውቁ ሰዎችንም ይይዛል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ሞተር ጢስንና የተበከለ የከተማ አየርን ካንሰር አምጪ ሲል የመደባቸው ሲሆን፣ በቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ማገዶ ጢስን ደግሞ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል አስታውቋል። በቻይና ሹዋንዌ አካባቢ፣ በድንጋይ ከሰል ያለ ጢስ ማውጫ ያበስሉ የነበሩ ቤተሰቦች ምድጃቸውን ጢስ ማውጫ ካበጁለት በኋላ የሳንባ ካንሰር ተጋላጭነታቸው ወደ ግማሽ ገደማ መቀነሱ ተመዝግቧል። እንጀራ ጋግረውና ወጥ ሠርተው በጢስ ውስጥ ረጅም ሰዓት ለሚያሳልፉ እናቶች የጢስ ማውጫ፣ የተሻሻለ ምድጃና በቂ የአየር መተላለፊያ ያለው ማእድ ቤት የጤና ጥበቃ ጉዳይ ነው።

በምርምር መሳተፍና የተሳታፊ መብት

አንድ ሕክምና ጠቃሚ መስሎ መታየቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከፊንላንድ የተገኘው ልምድ ያስተምራል። 29,133 የሚያጨሱ ወንዶች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት ቤታ ካሮቲን የተባለው የቫይታሚን ኤ መነሻ ንጥረ ነገር ካንሰርን ይከላከላል ተብሎ ተሰጠ። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ፤ ንጥረ ነገሩን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ጥናቱ ባይካሄድ ኖሮ ይህ ጉዳት ሳይታወቅ ይቀጥል ነበር። ያልተፈተኑ ቅመሞችና እንክብሎች «ካንሰርን ያጠፋሉ» ተብለው ሲቀርቡ ይህንን ማስታወስ ተገቢ ነው። ጸሎትና ጸበል ለሚያጽናኗቸው ሕሙማንም እምነታቸውን ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፤ ጉዳት የሚመጣው ሕክምናው ሲቋረጥ ነው።

በኢትዮጵያ የመድኃኒት ክሊኒካዊ ሙከራ የሚካሄደው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ መርምሮ ሲያጸድቀውና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሲሰጥበት ነው። በጥናት እንዲሳተፍ የተጠየቀ ሰው የጥናቱን ዓላማ፣ ሊገኝ የሚችለውን ጥቅምና ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት በሚገባው ቋንቋ የማወቅ፣ ጊዜ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር የመምከር፣ ያለመሳተፍና በማንኛውም ጊዜ የማቋረጥ መብት አለው። ባለመሳተፉ ወይም በማቋረጡ የሚገባውን መደበኛ ሕክምና ሊያጣ አይገባም።

ኅብረተሰቡ ምን ማድረግ ይጠበቅበታል?

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

• ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ወይም የነበረ ሳል ባሕርዩን ሲለውጥ
• ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም
• የማይለቅ የደረት፣ የትከሻ ወይም የጀርባ ሕመም
• የትንፋሽ ማጠርና የድምፅ መጎርነን
• ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ
• በተደጋጋሚ የሚመላለስ የሳንባ ምች

እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፤ በአብዛኛው ምክንያቱ ሌላ፣ በቀላሉ የሚታከም በሽታ ሊሆን ይችላል። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰውም በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ የለበትም። ነገር ግን የቲቢ ምርመራው ነጻ ሆኖ ሳሉ ከቀጠለ፣ ወይም መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ለውጥ ካላየ፣ ወደ ጤና ተቋሙ ተመልሶ ይህንኑ ለባለሙያው በግልጽ መናገርና ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ሆስፒታል እንዲላክ መጠየቅ ይገባዋል። ከዚህ በፊት የተነሳውን ራጅና የምርመራ ወረቀት ይዞ መቅረብ ባለሙያው የቆየውን ጠባሳ ከአዲሱ ለውጥ ለመለየት ይረዳዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ቤተሰቦችም ሳሉ ያልለቀቀውን ሰው «ጨርሶ ይሻለዋል» ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ ለድጋሚ ምርመራ እንዲሄድ በማበረታታት፣ በሽታው ሊታከም በሚችልበት ጊዜ እንዲገኝ የበኩላቸውን ድርሻ መወጣት ይችላሉ።